ሺአን፣ ፒንግያኦ ወይስ ሱዡ? ለሦስት ቀን ጉብኝት የቱ ይሻላችኋል

ቻይና ደርሰው የሚመለሱ ወገኖቻችን አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቁት ጓንዡን ወይም ዪዉን ነው። ዕቃ ይመረጣል፣ ዋጋ ይቆረጣል፣ ካርጎ ይላካል፣ ወደ ቤት። ለስልጠና የሄደው ደግሞ ቤጂንግን ያያል። ከመመለሻው በረራ በፊት ታዲያ ሁለት ሦስት ቀን ትተርፋለች። ያኔ ነው "አንድ ጥንታዊ ከተማ ልይ፣ የቱ ይሻለኛል?" የሚል መልእክት የሚመጣልኝ።

ለእያንዳንዱ ሰው በቁራጭ ከምመልስ አንዴ በደንብ ልጻፈው። የማነጻጽረው ሦስት ከተሞችን ነው፦ ሺአን፣ ፒንግያኦ እና ሱዡ። ሦስቱንም አይቻለሁ፤ ሺአንን ሁለት ጊዜ። ቤጂንግን ሆን ብዬ ትቻታለሁ። እሷ ብቻዋን ሳምንት የምትፈልግ ከተማ ናት።

መልሱን መጀመሪያ ልንገራችሁ። ቻይናን ለጉብኝት ስታዩ የመጀመሪያችሁ ከሆነ ሺአን ሂዱ። ጥንታዊ ከተማ ውስጥ ማደር፣ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት በድንጋይ መንገዱ መራመድ ከፈለጋችሁ ፒንግያኦ ሂዱ። ሻንጋይ ወይም ዪዉ ሆናችሁ ያላችሁ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ሱዡ ሂዱ። ሦስቱን በአራት ቀን ለመጨረስ ግን አትሞክሩ። እንደዚያ ያደረጉ የማውቃቸው ሰዎች ስለ ጉዟቸው ሲያወሩ የሚያወሩት ስለ ባቡር ጣቢያ ነው።

ሺአን

የድሮ ስሟ ቻንግአን ነው። የሐን ሥርወ መንግሥት በመጀመሪያው ዘመኑ ከዚህ ገዝቷል። ከ618 እስከ 907 የቆየው የታንግ ሥርወ መንግሥትም መናገሻው እዚሁ ነበር። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ከመካከለኛው እስያ የሚመጣው የሐር ንግድ መንገድ በምሥራቅ በኩል የሚያበቃው እዚህ ነበር። ስለዚህ ከሩቅ አገር የመጣ ነጋዴ፣ መነኩሴና ወጥ ሠሪ ሁሉ በዚህች ከተማ ዱካውን ጥሏል። ሺአንን ከሌሎቹ የሚለያትም ይሄ ነው።

ሰው ሁሉ የሚሄደው ለሸክላ ወታደሮቹ ነው። ተገቢ ነው። በ1974 ገበሬዎች የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ያገኙት ነገር የቻይናን የመጀመሪያ ንጉሠ ነገሥት መቃብር የሚጠብቅ ሠራዊት ሆኖ ተገኘ። ንጉሡ ቺን ሺ ሁዋንግ ይባላል። በ221 ዓመተ ዓለም ግዛቶቹን አንድ አደረገ፤ በ210 ዓመተ ዓለም ሞተ። ወታደሮቹ ወደ 8000 እንደሚጠጉ ይገመታል። ወታደሮቹ ከቆሙባቸው ጉድጓዶች አንደኛው ብቻ 230 ሜትር ርዝመት አለው።

ቁጥሩን ሰምታችሁ ስትገቡ ግን የሚይዛችሁ ሌላ ነገር ነው። ፊታቸው ይለያያል። አንዱ ጢሙን አሳጥሯል፣ አንዱ ደክሞታል፣ አንዱ ገና ልጅ ነው። ቀለም ነበራቸው። ከአፈር ወጥተው አየር ሲነካቸው ቀለሙ በደቂቃዎች ውስጥ ተላጠ። አብዛኞቹ የተገኙት ተሰባብረው ነው፤ አሁን ቆመው የምታዩዋቸው ከስብርባሪ ተገጣጥመው ነው። በጉድጓዱ ጀርባ በኩል ገና ያልተጠገኑት ተጋድመዋል። እኔ ብዙ ጊዜ የቆምኩት እዚያ ነው። የንጉሡ መቃብር ራሱ ደግሞ ትንሽ ራቅ ብሎ እንደ ተራ ኮረብታ ይታያል። እስከ ዛሬ አልተከፈተም።

ቦታው ከከተማው ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይርቃል። አካሄዱ ላይ ምክር አለኝ። በመጀመሪያው ጉዞዬ ባቡር ጣቢያ በር ላይ የጠራኝን ሹፌር አመንኩ። ዋጋው ርካሽ ነበር። መጀመሪያ የወሰደኝ የሸክላ ወታደር ቅጂ ወደሚሸጥበት ቤት ነው። ሻይ ቀረበልኝ፣ አሻሻጩ አልለቀኝም፣ ሁለት ሰዓት ሄደ። ሙዚየሙ ስደርስ ሕዝቡ ሞልቶ ጉድጓዱን በሰው ትከሻ መሐል አጮልቄ አየሁ። በሁለተኛው ጉዞ በሜትሮ ሄድኩ። 9ኛው መስመር ሁዋቺንግ ምንጭ የሚባለው ጣቢያ ያደርሳል። ከዚያ አጭር የአውቶቡስ ወይም የታክሲ መንገድ ነው። በር ሲከፈት ድረሱ። መጀመሪያ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጉድጓድ አይቶ ትልቁን ለመጨረሻ ማቆየት የሚሉ አሉ። እኔ በተቃራኒው ነኝ። ጠዋት ሰው ሳይበዛ ትልቁን እዩ። የነሐስ ሠረገላዎቹ በመቃብሩ ግቢ በኩል ለብቻቸው ሙዚየም አላቸው። ትኬቱ አንድ ነው፣ ማመላለሻም አለ። ደክሞናል ብላችሁ እንዳትተዉት።

የከተማዋን ግንብ በተመለከተ፣ በሺአን በጣም ደስ ያለኝ እሱ ነው። በሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ከ1370 ጀምሮ የተሠራ ሲሆን ዙሪያው ወደ 14 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ቁመቱ 12 ሜትር ነው። ላዩ መኪና በሁለት በኩል ሊያስተላልፍ የሚችል ስፋት አለው። ብስክሌት ተከራይታችሁ ሙሉውን መዞር ትችላላችሁ፤ ሳትቸኩሉ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ድንጋዩ ስለሚያንገጫግጭ የወገብ ሕመም ያለበት ሰው በእግሩ የተወሰነውን ቢያይ ይሻለዋል። በደቡቡ በር ወጥታችሁ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ብትጀምሩ በአንድ በኩል ፎቅ፣ በሌላው በኩል የድሮ ጣሪያ እያያችሁ ትሄዳላችሁ። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ይሄ ብቻውን ሺአንን ለመምረጥ ይበቃል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚዘለው ቦታ ልምጣ። ከደቡቡ በር አጠገብ የድንጋይ ሐውልቶች ደን የሚባል ሙዚየም አለ። በ1087 የተጀመረ ነው። ውስጡ የተጻፈባቸው ድንጋዮች እንደ ዛፍ ተደርድረዋል። ከነሱ አንዱ በ781 የቆመ ነው። ከላዩ መስቀል አለ፤ መስቀሉ በሎተስ አበባ ላይ ተቀምጧል። ጽሑፉ በቻይንኛ ነው። ግርጌውና ጎኑ ላይ ግን የካህናት ስም በሶርያ ፊደል፣ በሱርስት ተቀርጿል። አሎፐን የሚባል መነኩሴ በ635 ክርስትናን ይዞ ቻንግአን እንደገባ፣ የታንግ ንጉሥም እንደተቀበለው ይናገራል። መልእክቱን ያመጡት በፋርስ የነበረችው፣ ንስጥሮሳዊት የሚሏት የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው።

አክሱም ላይ የኢዛናን ድንጋይ ያየ ሰው እዚህ ድንጋይ ፊት ሲቆም ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። እዚያ ግሪክ፣ ሳባና ግዕዝ። እዚህ ቻይንኛና ሱርስት። ሁለቱም ድንጋዮች ብዙ ቋንቋ የሚሰማበት ከተማ የጻፋቸው ናቸው። ባለፈው ከአንድ ዲያቆን ጋር ሄጄ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ከድንጋዩ አልተነቃነቀም። ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ሺአን ላይ ከሸክላ ወታደሮቹ ቀጥሎ የማስቀምጠው ይሄንን ነው። ሁለተኛው የኤግዚቢሽን አዳራሽ ውስጥ ፈልጉት።

ከዚያ ወደ ሙስሊሞቹ ሰፈር ግቡ። ነዋሪዎቹ ሁዊ የሚባሉ ቻይናውያን ሙስሊሞች ናቸው። ታላቁ መስጊድ በ742 እንደተመሠረተ ይነገራል፤ አሁን የሚታየው ሕንፃ በአብዛኛው የሚንግ ዘመን ሥራ ነው። ጉልላት የለውም። ሚናሬቱ ፓጎዳ፣ ማለትም ባለ ብዙ ደርብ የቡድሂስት ማማ ይመስላል። ግቢው ግን ከሌሎች የቻይና ቤተ መቅደሶች በተለየ ወደ ምዕራብ፣ ወደ መካ ይዞራል። አንዱ በር ላይ ዓረብኛ፣ ቀጥሎ ያለው ላይ ቻይንኛ ታነባላችሁ። የጸሎት አዳራሹ የሚፈቀደው ለሙስሊም ብቻ ነው። ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች ገብተው መስገድ ይችላሉ።

ሰፈሩ ውስጥ ያንግሮው ፓኦሞ የሚባል ምግብ አለ። ጠንካራ ቂጣ ይሰጧችኋል፤ ራሳችሁ የሽምብራ ፍሬ እስኪያክል ትቆራርሱታላችሁ። ከዚያ ሳህኑን ወስደው የበግ ሥጋ መረቅ ያፈሱበታል። ፍትፍት ነው በሉት። ትልቅ አድርጎ የቆረሰ ሰው አስተናጋጁ ይመልስበታል፤ መረቁ ውስጥ አይገባም። ዋናው መንገድ ላይ ካለው ግርግር ይልቅ ወደ ውስጥ ባሉት ቅያሶች ያሉትን ቤቶች ምረጡ።

ትልቁን የዝይ ፓጎዳ በአጭሩ ልለፈው። በ652 የቡድሂስቱ መነኩሴ ሹዋንዛንግ ከህንድ ያመጣቸውን መጻሕፍት ለማስቀመጥ የተሠራ ነው። ከውጭ ማየት ይበቃል። ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ትንሹን የዝይ ፓጎዳ ይምረጥ። 15 ደርብ የነበረው አሁን 13 ነው። በ1556 ሻንሺን የመታው የምድር መንቀጥቀጥ፣ በታሪክ ከተመዘገቡት ሁሉ ብዙ ሰው የገደለው፣ እሱን ግን አልጣለውም።

የሺአን ጉድለት ትልቅነቷ ነው። በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ የሚኖርባት ዘመናዊ ከተማ ናት። ግንቡ ውስጥ የገበያ ማዕከልና ትራፊክ አለ። ጥንታዊነቱን ከቦታ ቦታ እየሄዳችሁ ትለቅማላችሁ እንጂ በአንድ ጊዜ አይከባችሁም። እሱን የሚፈልግ ሰው የሚቀጥለውን ያንብብ።

ፒንግያኦ

መጀመሪያ አንድ ግራ መጋባት ላጥራ። ሺአን ያለችበትም፣ ፒንግያኦ ያለችበትም ክፍለ ሀገር በእኛ ፊደል "ሻንሺ" ነው የሚጻፈው። ቻይናውያን በድምፅ አወጣጥ ይለዩዋቸዋል፤ በላቲን ሲጻፍ የሺአኑ አንድ ተጨማሪ "ኤ" ይገባበታል። ጎረቤት ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ሆቴል ስትይዙ ከክፍለ ሀገሩ ይልቅ የከተማውን ስም ተመልከቱ።

ፒንግያኦ ትንሽ ናት። ግንቧ በ1370 የታደሰ ሲሆን ዙሪያው 6 ኪሎ ሜትር ነው። ስድስት በሮች አሏት። ሐረር ጀጎልን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። በግንብ የታጠረ፣ በሮቹ በስም የሚጠሩ፣ ውስጡ ሰው የሚኖርበት፣ ልብስ የሚሰጣበት፣ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚመለስበት ከተማ። ግንቡ ላይ 72 የጥበቃ ማማዎችና 3000 የቀስት መወርወሪያ ጥርሶች አሉ። የጥንቱ የቻይና ፈላስፋ ኮንፊሽየስ 3000 ተማሪዎች እንደነበሩት፣ ከነሱም 72ቱ የበቁ እንደሆኑ ይነገራል፤ ቁጥሩ የተወሰደው ከዚያ ነው ይላሉ።

ይህች ከተማ እንዴት ተረፈች? አንዱ መልስ ድህነት ነው። የድሮውን አፍርሶ አዲስ ለመሥራት ገንዘብ አልነበራትም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ገንዘቡ መጣና ማፍረሱ ተጀመረ። ያኔ ሻንጋይ ያለው የቶንግጂ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ሩዋን ዪሳን ተከራክሮ አስቆመው፤ አዲሱ ከተማ ከግንቡ ውጭ፣ አሮጌው ባለበት ይቆይ የሚል ዕቅድም አወጣ። በ1997 ዩኔስኮ መዘገባት። ከተማዋን እያየሁ ሳለሁ ይሄንን ሰው ደጋግሜ አሰብኩት። እኛም አገር ሰፈር ሲፈርስ የምናዝን ሰዎች ነን።

ፒንግያኦ ሀብታም የሆነችበት ዘመን ግን ነበር። ምክንያቱ ደግሞ ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ ሐዋላ ነው። በ1823 ሪሸንግቻንግ የሚባል ቤት እዚህ ተከፈተ። ነጋዴ ብሩን፣ ማለቴ እውነተኛውን የብር ማዕድን፣ ጭኖ በሽፍታ መንገድ መሄድ ያስፈራው ነበር። ስለዚህ እዚህ ያስቀምጥና ወረቀት ይቀበላል። ሩቅ ከተማ ደርሶ በወረቀቱ ይከፈለዋል። ወረቀቱ እንዳይጭበረበር ወሩም፣ ቀኑም፣ መጠኑም በምስጢር ቃላት ይጻፍ ነበር። ለ12ቱ ወራት 12 ቃል፣ ለ30ው ቀን 30 ቃል። ቃላቱ ተያይዘው ሲነበቡ ግጥም ይሆናሉ። በየጊዜው ይቀየሩም ነበር። ቤቱ በ1914 ከሰረ። አሁን ሙዚየም ነው። የገንዘብ ክፍሉን፣ የጸሐፊዎቹን ጠረጴዛ፣ የወረቀቶቹን ናሙና ታያላችሁ። በንግድ የሚተዳደር ሰው ይሄን ቤት ሳያይ መመለስ የለበትም።

የፒንግያኦ ዋናው ነገር ግን ማደሩ ነው። የድሮ የነጋዴ ግቢዎች እንግዳ ማረፊያ ሆነዋል። በግቢው ዙሪያ ክፍሎች፣ መሐል ላይ ጠባብ ሜዳ፣ በረንዳው ላይ ቀይ ፋኖስ። አልጋው ካንግ ይባላል። መደብ ነው። ከጡብ የተሠራ ሰፊ መደብ፤ በድሮው አሠራር ከሥሩ እሳት እየተለቀቀ ይሞቃል። ገጠር ያደገ ሰው "ይሄንንማ አውቀዋለሁ" ይላል። ጀርባችሁ ለስላሳ ፍራሽ የሚፈልግ ከሆነ ስትይዙ ተራ አልጋ ያለው ክፍል ጠይቁ።

መኪና በአሮጌው ከተማ መንገዶች አይሄድም። ዋናው የደቡብ ጎዳና ቀን ላይ በቱሪስት ይሞላል፤ እውነቱን ለመናገር ሱቆቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ዕቃ ነው የሚሸጡት። ሁለት እጥፋት ወደ ውስጥ ግቡ። ግድግዳው የተላጠ፣ በር ላይ ሽማግሌ የተቀመጠበት ሌላ ከተማ አለ። ጠዋት ከቁርስ በፊት አንድ ሰዓት ብትራመዱ፣ የሦስት ቀን ጉዞ የሚገባው እሱ ነው። እኔ ነገ ትኬት ቢሰጠኝ የምመርጠው ፒንግያኦን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ሺአንን የምመክረው ግን ታላቁን ሳያዩ መመለስ ኋላ ስለሚቆጭ ነው።

ጊዜ ካላችሁ ሹዋንግሊን ቤተ መቅደስን ጨምሩ። ወደ 6 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ውስጡ ቀለም የተቀቡ የጭቃ ሐውልቶች ሞልተዋል፤ በሩ ላይ የቆሙት ጠባቂዎች ደም ሥራቸው ይታያል። የሺአኑን ሠራዊት አይታችሁ ከመጣችሁ ልዩነቱ ይገርማችኋል። እዚያ ሁሉም ቀጥ ብሎ ቆሟል። እዚህ ሁሉም ይንቀሳቀሳል።

የፒንግያኦ ችግር ምንድን ነው? አንድ ቀን ተኩል ይበቃታል። ክረምቷ ከባድ ነው፤ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ብዙ ይወርዳል። እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ማግኘት ከሺአን ይልቅ ይቸግራል። መንገዱ ድንጋይ፣ የየክፍሉ መድረክ ከፍ ያለ ነው፤ ለጉልበት ሕመምተኛ አይመችም።

ሱዡ

ሱዡ ሌላ ዓለም ናት። ለሻንጋይ ቅርብ ነች። ፈጣኑ ባቡር በግማሽ ሰዓት ገደማ ያደርሳል። በ514 ዓመተ ዓለም እንደተቆረቆረች ይነገራል። በ1229 የከተማዋ ካርታ በድንጋይ ተቀርጾ ነበር፤ ድንጋዩ ዛሬም አለ። የአሮጌው ከተማ ቦዮችና መንገዶች አሁንም በዚያ ካርታ ላይ ሊፈለጉ ይችላሉ።

ሰው የሚሄደው ለአትክልት ሥፍራዎቹ ነው። እዚህ ላይ የምንጠብቀውን ነገር ማስተካከል አለብን። አትክልት ሥፍራ ሲባል ሣርና አበባ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። የሱዡ አትክልት ሥፍራ ድንጋይ፣ ውኃ፣ ግድግዳና መስኮት ነው። ከሹመት የወረደ ባለሥልጣን ቤቱ ውስጥ ተራራና ሐይቅ ልሥራ ብሎ ያበጀው። በየመስኮቱ ስታዩ አንድ ሥዕል ይወጣል፣ ሁለት እርምጃ ስትሄዱ ይለወጣል።

ትልቁና ዝነኛው ዡዎዠንግ ይባላል። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተጀመረ ሲሆን ስፋቱ 5 ሄክታር ገደማ ነው። ውስጡ አንድ ቦታ ላይ ስትቆሙ ከኩሬው ባሻገር ፓጎዳ ይታያል። ፓጎዳው ግን ከግቢው ውጭ፣ ራቅ ብሎ ከተማው ውስጥ ነው። ሠሪው የሰው ንብረት ለራሱ ሥዕል ተበድሮበታል። ይሄን ብልሃት ባየሁበት ቅጽበት ነው ሱዡ የገባችኝ።

ከሁለቱ መምረጥ ካለባችሁ ግን ዋንግሺን፣ የመረብ ጌታ የሚባለውን ትንሹን እመርጣለሁ። ግማሽ ሄክታር ገደማ ብቻ ነው። ሰው ይቀንሳል፣ ቁጭ የሚባልበት ቦታ አለ። ኒውዮርክ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ ከ1981 ጀምሮ የዚህን አትክልት ሥፍራ አንድ ግቢ አርአያ አድርጎ የተሠራ አለ፤ ከመሄዳችሁ በፊት እሱን እዩና የሚስማማችሁ መሆኑን ፈትኑ። ደስ ካላላችሁ ሱዡን ተዉት።

የሱዡ ሙዚየምም ጥሩ ነው፤ በ2006 የተከፈተውን ሕንፃ የነደፈው አይ ኤም ፔይ ነው። ቤተሰቡ ከሱዡ ነው። ሰኞ ዝግ ስለሆነ ቀናችሁን አስተካክሉ። ፒንግጂያንግ በሚባለው የቦይ ዳር መንገድ ላይ ማታ መሄድም ያስደስታል፤ ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች እናትና አባት ይዞ ለሚሄድ ሰው ከሦስቱ የምትመቸው እሷ ነች። ሐር መግዛት የሚፈልግም እዚህ ይግዛ። ከዚህ በላይ ግን ስለ ሱዡ የምለው የለኝም። ቆንጆ ናት፤ ለእኔ አንድ ቀን በቅታኛለች።

የምግብ ነገር

ይሄ ብዙ ሰው የሚጨነቅበት ስለሆነ ለብቻው ላውጣው። የአሳማ ሥጋ ቻይና ውስጥ በየምግቡ ይገባል፤ አትክልት ብላችሁ ያዘዛችሁት ላይ እንኳ ለማጣፈጫ ሊበተን ይችላል። ከሦስቱ ከተሞች በዚህ በኩል የምታሳርፈው ሺአን ናት። የሙስሊሞቹ ሰፈር ቤቶች አሳማ የሚባል ነገር አያስገቡም። በአንጻሩ የሥጋው አራጆች ሙስሊሞች ናቸው፤ በዚህ የምትጠነቀቁ ክርስቲያኖች ካላችሁ አስቀድማችሁ እወቁት።

በጾም ወቅት የሄደ ሰው ሺአን ላይ ሊያንግፒ ይብላ። ቀዝቃዛ፣ ሰፊ፣ በኮምጣጤና በበርበሬ ዘይት የተለወሰ ፓስታ መሰል ምግብ ነው። ቃጠሎው ለእኛ አፍ የተሠራ ይመስላል። ፒንግያኦ በበሬ ሥጋዋ ትታወቃለች፤ ለጾመኛ ግን የአጃና የስንዴ ሊጥ ምግቦች አሉ፣ ሥጋ እንዳይጨምሩ አስረዱ። ሱዡ ምግቧ ጣፋጭ ነው፤ ስኳር ወጥ ውስጥ ይገባል። እኔ አልለመድኩትም። "ሥጋ አልበላም፣ እንቁላልም አልበላም" የሚል ጽሑፍ በቻይንኛ አስጽፋችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙ።

ለመድረስ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቤጂንግ፣ ሻንጋይ፣ ጓንዡና ቼንግዱ ይበርራል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ቼንግዱን ነው። ከዚያ ሺአን በፈጣን ባቡር አራት ሰዓት ገደማ ነው። ለጉብኝት ብቻ የምትሄዱ ከሆነ በቼንግዱ ግቡ። ከቤጂንግ ወደ ሺአን ከአራት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ይወስዳል። ከጓንዡ ግን ሩቅ ነው፤ የአገር ውስጥ በረራ ያዋጣችኋል። ሱዡ የራሷ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ በሻንጋይ በኩል ነው።

የባቡር ትኬት የሚያዘው በፓስፖርት ነው፤ ጣቢያው በር ላይም ፓስፖርታችሁ ይነበባል። ሆቴል ትታችሁት እንዳትወጡ። የሸክላ ወታደሮቹ መግቢያም አስቀድሞ በስምና በፓስፖርት ቁጥር ይያዛል፤ ዋጋው 120 ዩዋን ነው። ፒንግያኦ ከተማው ውስጥ ለመግባት አይከፈልም፤ ግንቡ ላይ ለመውጣትና ሙዚየሞቹን ለማየት ግን አንድ የጋራ ትኬት ይገዛል። ክፍያ ሁሉ በስልክ ስለሆነ አሊፔይን ወይም ዊቻትን ከአገራችሁ ሳትወጡ ጫኑና ዓለም አቀፍ ካርድ አገናኙበት። ካርዱ ካልሠራ ጥሬ ዩዋን ይዛችሁ ግቡ፣ በዝርዝር። ጉግል እዚያ አይሠራም፤ ካርታና መተርጎሚያ ቀድማችሁ አዘጋጁ።

ጊዜውን በተመለከተ ሚያዝያና ግንቦት፣ ወይም ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ለሦስቱም ጥሩ ነው። ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ያለውን የብሔራዊ በዓል ሳምንትና የቻይናን አዲስ ዓመት ግን ሽሹ። አገሩ በሙሉ ይንቀሳቀሳል። ሐምሌ ላይ ሺአን ታቃጥላለች። በሰኔ ሱዡ ዝናብ በዝናብ ናት።

ሌላ አንድ ነገር። ሺአንና ፒንግያኦ ላይ ፎቶ አብረናችሁ እንነሳ የሚሉ ብዙ ናቸው፤ በተለይ ሹሩባ የተሠራች ሴት መንገድ ላይ ትቆማለች። ከገጠር ለጉብኝት የመጡ፣ የውጭ ሰው በቅርብ አይተው የማያውቁ ናቸው፤ አብዛኞቹ በፈገግታ ይጠይቃሉ። ካልፈለጋችሁ እጅ ማወዛወዝ ይበቃል። ሱዡ ላይ ይሄ እምብዛም አልገጠመኝም።

አራት ቀን ካላችሁስ?

ያኔ ምርጫ የለም፣ ሁለቱን አጣምሩ። ሁለት ሌሊት ሺአን፣ አንድ ሌሊት ፒንግያኦ። ከሺአን ሰሜን ጣቢያ ፈጣኑ ባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ቅደም ተከተሉ ይሄው ይሁን፤ መጀመሪያ ትልቁን፣ ከዚያ ጸጥተኛውን። በሁለተኛው ጉዞዬ እንዲህ ነበር ያደረግኩት፤ ድካሜን ያራገፍኩት መደቡ ላይ ነው።

የምትወርዱት ፒንግያኦ ጉቸንግ በሚባለው ጣቢያ ነው። ከግንቡ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ በእግር አይሞከርም። ታክሲ በር ድረስ እንጂ ወደ ውስጥ አያስገባችሁም። ስለዚህ ማረፊያ ስትይዙ በየትኛው በር በኩል እንደሆነ ጠይቁና በቻይንኛ አስጽፉት። ሰዓቱን ከነገራችኋቸው ብዙዎቹ በኤሌክትሪክ ጋሪ በሩ ላይ መጥተው ሻንጣችሁን ይቀበላሉ።